99999999 ሲደመር 1፦ ፓውደር ቶይ ለካልኩሌተር ሠሪ

ጌም ውስጥ ካልኩሌተር ሠርቻለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አንድ ነገር ጠይቁት። 99999999 ላይ 1 ይደምርበት። መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ማየት የምንፈልገው መልሱ ላይ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ነው።

የእኔ የመጀመሪያ ካልኩሌተር 192 ፍሬም ፈጀበት። ፍሬም ማለት የጌሙ አንድ እርምጃ ናት፤ ጌሙ በሰከንድ 60 ፍሬም ስለሚሄድ ሦስት ሰከንድ ከትንሽ መሆኑ ነው። አጠገቤ ቁጭ ብሎ የነበረው የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ። አልተበላሸም ነበር። አንዷን ቁጥር ከቤት ወደ ቤት እያሻገረ ነበር። ዛሬ ያው ድምር 21 ፍሬም ይፈጅበታል። ይህ ጽሑፍ ያንን ለውጥ እንዳደርግ ስላስቻለኝ ጌም ነው፤ ስሙ ፓውደር ቶይ ይባላል።

ሥራዬ ሒሳብ መያዝ ነው። ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስደምርና ስቀንስ የምውል ሰው ነኝና ማሽኑ ውስጡ ምን እንደሚያደርግ ማየት ሁሌም ያምረኝ ነበር። እውነተኛ ካልኩሌተር ከፍታችሁ ብታዩ አንዲት ጥቁር ነጠብጣብ ናት የምታገኙት። ምንም አይታይም። እዚህ ጌም ውስጥ ግን ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ነው።

ፓውደር ቶይን ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልንገር። በነጻ የሚገኝ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ የማስመሰያ ጌም ነው። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ ማክና አንድሮይድ ላይ ይሠራል። ሜዳው 612 በ384 ፒክስል ነው። አሸዋ ትበትናላችሁ፣ ውሃ ታፈሳላችሁ፣ እሳት ትለቃላችሁ፣ ፈንጂ ታፈነዳላችሁ። እያንዳንዷ ነጥብ የራሷ ሙቀት፣ የራሷ ዕድሜ፣ የራሷ ጠባይ አላት። ብዙ ሰው የሚጫወተው ለፍንዳታው ነው። እኔ ግን ፈንጂውን ከነካሁት ቆየሁ። ከዕቃዎቹ ዝርዝር ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉ አለ፤ እሱ ይበቃኛል።

መነሻው ብልጭታ ነው። ሜታል መስመር ትሰሩና ጫፉ ላይ ብልጭታ ታስቀምጣላችሁ፤ ብልጭታው መስመሩን ይዞ ይሄዳል። አንዷ ነጥብ ለ4 ፍሬም በርታ ትቆያለች፣ ከዚያ 4 ፍሬም ታርፋለች። ስለዚህ ያቺው ነጥብ ሁለተኛ ብልጭታ የምትቀበለው ከ8 ፍሬም በኋላ ነው። በሰከንድ ሰባት ጊዜ ተኩል ማለት ነው። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። በተራ ሽቦ የምትሠሩት ነገር ሁሉ ከዚች ፍጥነት አያልፍም።

ሌላው ብልጭታው የአንድ ፒክስል ክፍተት መዝለሉ ነው። ይህን ሳላውቅ የቁጥር ቁልፎቹን ሽቦ ጠጋ ጠጋ አድርጌ ሳልኳቸው። 3ን ስጫን 4ም አብሮ በራ። አንድ ሙሉ ማታ ስህተቱን የፈለግሁት የመደመሪያው ክፍል ውስጥ ነው። ስህተቱ ያለው ግን ገና በሩ ላይ ነበር። በሁለት ሽቦ መሃል ሁለት ፒክስል ባዶ መተው ወይም ብልጭታ የማያሳልፍ ኢንሱሌተር መጣል አለባችሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ይህን መጀመሪያ እወቁት፤ ብዙ ማታ ያተርፍላችኋል።

ከዚያ ፒ እና ኤን የሚባሉ ሁለት ዓይነት ሲሊኮን አለ። ከፒ ወደ ኤን ብልጭታ ያልፋል፤ ከኤን ወደ ፒ አያልፍም። ስዊች የሚባለውን ደግሞ ፒ ያበራዋል፣ ኤን ያጠፋዋል። በእነዚህ ብቻ «ሁለቱም ሲመጡ ክፈት»፣ «አንዱ ሲመጣ ክፈት»፣ «የመጣውን አስታውስ» የሚሉ ነገሮችን መሥራት ይቻላል። የመጀመሪያውን ካልኩሌተሬን የሠራሁት በእነዚህ ነው። ቆይቶ ደግሞ ኢንስት የሚባለውን አገኘሁ። ኢንስት ብልጭታን ከፒ ሲሊኮን ይቀበልና የፈለገውን ያህል ረጅም ቢሆን ሽቦውን በሙሉ በአንድ ፍሬም ያበራዋል። ረጃጅሞቹን መስመሮቼን ሁሉ ወደ ኢንስት ስቀይር ካልኩሌተሩ የሚፈጥን መስሎኝ ነበር። ትንሽ ፈጠነ፣ ግን ያሰብኩትን ያህል አልሆነም። ለምን?

መልሱን ያገኘሁት በጌሙ ምርጥ መሣሪያ ነው። ስፔስን ስትጫኑ ጊዜ ይቆማል። ከዚያ የኤፍን ቁልፍ አንድ ጊዜ ስትጫኑ ዓለሙ አንድ ፍሬም ብቻ ይራመዳል። አንድ ጊዜ ኤፍ፣ አንድ ፍሬም። በዜድ ቁልፍ የፈለጋችሁትን ቦታ አጉልታችሁ ታያላችሁ። በዲ ቁልፍ ደግሞ ከመዳፊቱ በታች ያለችው ነጥብ ውስጧ ያለው ቁጥር ሁሉ ይወጣል። እኔ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። ኤፍ እጫናለሁ፣ እጽፋለሁ። ኤፍ እጫናለሁ፣ እጽፋለሁ። 192 ጊዜ። ጊዜ እንዲህ ሲራመድ አይቼ አላውቅም ነበር።

ያየሁት ይህ ነው። የአንድ ቤት ዘጠኝና አንድ ተደመሩ፤ አሥር ሆኑ፤ ዜሮ ተጻፈ፣ አንድ ተያዘች። የአሥር ቤት ይህችን አንድ እየጠበቀ ቆሞ ነበር። ደረሰችለት፤ ደመረ፤ አሥር ሆነ፤ እሱም አንድ ይዞ ለመቶ ቤት ሰጠ። የሺ ቤት ይጠብቃል፣ የአሥር ሺ ቤት ይጠብቃል። እያንዳንዱ ቤት 24 ፍሬም ይሠራል፤ ስምንት ቤት ነው፤ 192። ሰባቱ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈተው ተራ እየጠበቁ ነበር። ሽቦው ቢፈጥን ባይፈጥን ምንም አይለውጥም። የዘገየው የምንይዛት አንድ ናት።

ወደሷ ከመግባቴ በፊት ለምን በአሥር ቤት፣ ማለትም ከ0 እስከ 9 ባሉት አኃዞች፣ እንደምሠራ ልናገር። ብዙ ሰው በእንዲህ ያለ ጌም ውስጥ የሚሠራው ቁጥርን በ0 እና በ1 ብቻ የሚጽፍ የባይነሪ ማሽን ነው፤ ቀላል ስለሆነ። ለእኔ ግን ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛው የሙያ ነው። 0.1 በባይነሪ ልኩ አይጻፍም፤ ማለቂያ የለውም። ለዚህ ነው ብዙ ፕሮግራሞች 0.1 ሲደመር 0.2 ስትሏቸው 0.30000000000000004 የሚሏችሁ። ሒሳብ ያዥ የመጨረሻዋ አኃዝ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። ሁለተኛው የፍጥነት ነው። 99999999ን በባይነሪ ለመያዝ 27 ቢት፣ ማለትም 27 የ0 ወይም የ1 ቦታ፣ ያስፈልጋል። ተደምሮ ካለቀ በኋላ ሰው እንዲያነበው ወደ አሥር ቤት መመለስ አለበት። የታወቀው ዘዴ ቢቶቹን አንድ በአንድ እያሻገሩ፣ አምስትና ከዚያ በላይ የሆነውን አኃዝ ሁሉ ሦስት እየጨመሩበት መሄድ ነው። 27 ዙር። መደመሪያውን ምንም ብታፈጥኑት ይህ መመለሻ ይይዛችኋል። ከመጀመሪያውኑ አኃዝ በአኃዝ ብትሠሩ ግን መመለስ የሚባል ነገር የለም።

ደግሞ ይህ የኔ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው ቀደምት ኮምፒውተር ቁጥሩን የሚይዘው በአሥር ቤት ነበር፤ ለእያንዳንዱ አኃዝ አሥር ደረጃ ያለው ቀለበት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው የኢንቴል 4004 ቺፕ የተጠነሰሰው ቢዚኮም ለተባለ ኩባንያ ካልኩሌተር ነው። በአንድ ጊዜ 4 ቢት ነው የሚያነሳው፤ ለአንድ አኃዝ የሚበቃ። ድምሩን ወደ አሥር ቤት የሚያስተካክል የራሱ ትእዛዝም ነበረው።

አኃዙን በ4 ቢት ስትጽፉ አንድ ችግር አለ። 4 ቢት እስከ 15 ይቆጥራል፤ እኛ ግን የምንፈልገው እስከ 9 ነው። ስለዚህ ድምሩ ከ9 ሲያልፍ 6 መጨመር አለባችሁ። መጀመሪያ የሠራሁት እንዲያ ነው። መደመር፣ ከ9 ይበልጣል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያ 6 መጨመር። መጠየቁ ራሱ ብዙ ሽቦና ብዙ ፍሬም ይበላል።

በኋላ የተማርኩት ዘዴ ይህን መጠየቅ ያስቀረዋል፤ ጠጋ ብላችሁ እዩት። እያንዳንዱን አኃዝ ገና ሲገባ 3 ጨምራችሁ ጻፉት። 4 የሚጻፈው እንደ 7 ነው፤ 0111። 5 የሚጻፈው እንደ 8 ነው፤ 1000። አሁን ደምሯቸው፤ 1111። አራቱም ቢት በሩ። ይህ በ4 እና በ5 ብቻ የሚሆን አይደለም። ድምራቸው 9 የሚሆኑ ማናቸውም ሁለት አኃዞች 1111 ይሰጣሉ። ድምራቸው 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ አምስተኛ ቢት በራሷ ትፈናጠራለች፤ 16 ሞልቷላ። ማንንም ሳትጠይቁ ማሽኑ ራሱ ይነግራችኋል። 9 የሆነው ሁሉ አራት መብራት፣ 10ና ከዚያ በላይ የሆነው ሁሉ አምስተኛዋ መብራት። ከዚያ ቤቱ አሻግሮ ከሆነ 3 መጨመር፣ ካላሻገረ 3 መቀነስ ነው።

መቀነስም በዚሁ ይመጣል። ቢቶቹን ብትገለብጧቸው ከ9 የጎደለውን ታገኛላችሁ። 2 የሚጻፈው 0101 ነው፤ ገልብጡት፣ 1010 ይሆናል፤ እሱ 7 ነው። ይህን በመጀመሪያ ቀን ጌሙ ውስጥ ስሞክረው በደስታ ከወንበሬ ተነሳሁ። የመቀነሻውን ክፍል ለብቻው መሥራት ቀረልኝ። ሜዳው ላይ አንድ ሦስተኛ የሚሆን ቦታ ተለቀቀ።

አሁን ወደምንይዛት አንድ።

ሁለት ቁጥር ሲደመር እያንዳንዱ ቤት ከሦስት አንዱን ነው የሚሆነው። ድምሩ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ለሚቀጥለው ቤት አንድ ይሰጣል፤ ከኋላው ምን መጣ ምን አልመጣ ግድ የለውም። እሱን «ሰጪ» እለዋለሁ። ድምሩ በትክክል 9 ከሆነ የራሱ የሚሰጠው የለውም፤ ከኋላ አንድ ከመጣለት ግን ያሳልፋታል። እሱን «አሳላፊ» እለዋለሁ። ድምሩ 8ና ከዚያ በታች ከሆነ ቢመጣለትም እዚያው ያስቀራታል። ስሞቹ የኔ ናቸው፤ ደብተሬ ላይ እንዲያ ነው የጻፍኳቸው። ትልቁ ነገር ይህን ለማወቅ ማንም ቤት ማንንም መጠበቅ የለበትም። ስምንቱም ቤቶች በአንድ ጊዜ ማንነታቸውን ያውቃሉ። 1111 የሆነው አሳላፊ ነው፣ አምስተኛ ቢቷ የበራችለት ሰጪ ነው።

ከዚያ የሚቀረው ጎረቤት መጠየቅ ነው። በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ቤት ከኋላው ያለውን አንድ ቤት ያያል፤ እኔ አሳላፊ ሆኜ እሱ ሰጪ ከሆነ እኔም ሰጪ ሆንኩ ማለት ነው። በሁለተኛው ዙር ሁለት ቤት ወደኋላ ያያል። በሦስተኛው አራት ቤት። አለቀ። በሦስት ዙር ስምንት ቤት ተዳረሰ። አሥራ ስድስት ቤት ቢሆን አራት ዙር ነው የሚሆነው። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ቻርልስ ባቤጅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቁን ማሽኑን ሲያቅድ ይህችው አንድ ናት ያስቸገረችው። በጥርስና በዘንግ፣ ቀድሞ ተጠንቅቆ የሚያሻግር ዘዴ ነድፎላት ነበር። ከእኔ ጋር አንድ ግድግዳ የገፋ ሰው መኖሩን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

እዚህ ላይ ነው ፓውደር ቶይ ከሌሎቹ የሚለየው። ፊልተር የሚባል ነጥብ አለው። አንዷ የፊልተር ፒክስል 30 ቢት ትይዛለች፤ እንደ ብርሃን ቀለም። ጨረር ተኳሽ አለ፤ ብልጭታ ሲነካው ጨረር ይለቃል። ጨረሩ በመንገዱ ያሉትን ፊልተሮች ሁሉ በአንድ ፍሬም ያቋርጣል። ፊልተሩ ደግሞ ቀለሙን እንዲያሳልፍ ብቻ ሳይሆን እንዲሠራበትም ማድረግ ትችላላችሁ፤ «ሁለቱም ያላቸውን ቢት አስቀር»፣ «ደምረህ ያዝ»፣ «ገልብጥ»፣ «ወደ ጎን ግፋ»። እንግዲህ አስቡት። የስምንቱ ቤቶች «ሰጪ» መብራቶች በሙሉ አንዲት ፒክስል ውስጥ ይገባሉ። «አሳላፊ»ዎቹም አንዲት ፒክስል ውስጥ። «ከኋላህ ያለውን እይ» ማለት ቀለሙን በአንድ ቢት መግፋት ነው። በሽቦ ስሠራው ግማሽ ሜዳ የያዘብኝ ነገር በጨረር ስሠራው ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም።

ይሁንና ፊልተር አንድ የሚያስቸግር ጠባይ አለው። አዲሱን ክፍል ጨርሼ መጀመሪያ የሞከርኩት 2 ሲደመር 3 ነው። 11116 አለኝ። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። 11116። 9 ሲደመር 1 ስለው ግን ልክ 10 ይላል። ከባድ የመሰለኝን ያውቃል፤ ቀላሉን ይስታል። ቆም አድርጌ በዜድ አጉልቼ፣ በዲ ውስጡን አየሁት። ነገሩ እንዲህ ነው። 2 ሲደመር 3 ውስጥ የሚሻገር ምንም የለም። ስለዚህ የሚላከው ቀለም ባዶ ነው። ጽሑፍ ስላልደረሰው ፊልተሩ ባዶውን ቀረ። ባዶ ፊልተር ደግሞ ቀለሙን ከራሱ ሙቀት ይወስዳል! በተራው የክፍል ሙቀት ከታች ያሉት አምስት ቢቶች በርተው ይነበባሉ። ማሽኔም አምስት ቤት ላይ አንድ አንድ ጨመረ። 5 እና 11111፤ 11116።

መፍትሔው አንዲት ቢት ሁልጊዜ በርታ እንድትኖር መተው ነው። ከላይ ያለችውን የመጨረሻዋን ቢት ለዚህ ሰጠኋት። ምንም ቁጥር አትይዝም፤ «እዚህ ነኝ፣ ባዶ አይደለሁም» ማለት ብቻ ነው ሥራዋ። ሌሎች ሰዎች የሠሯቸውን ማሽኖች ከፍቼ ሳይ እነሱም ያቺኑ ቢት እንዲያ አድርገዋታል። ይህ ሌላው የምወድለት ነገር ነው። ሰው ሠርቶ ያጋራውን ማንኛውንም ነገር እዚያው ጌሙ ውስጥ ከፍታችሁ፣ ጊዜውን አቁማችሁ፣ ነጥብ በነጥብ ልታዩት ትችላላችሁ። የተደበቀ ነገር የለም።

ሌላ ልትጠነቀቁት የሚገባ ነገር፦ የነጥቦቹ ተራ። ጌሙ በአንድ ፍሬም ውስጥ ሁሉንም ነጥብ እኩል አያንቀሳቅስም። እያንዳንዷ ነጥብ ቁጥር አላት፤ በቁጥሯ ተራ ነው የምትሠራው። የተቀመጠ ሥራ ስትከፍቱ ቁጥሩ ከላይ ከግራ ይጀምርና ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ታች ይሄዳል፤ እንደምናነበው። አዲስ የምትስሏት ነጥብ ግን ያገኘችውን ባዶ ቁጥር ትወስዳለች። ውጤቱ ምንድነው? ማታ እየሳላችሁ የሠራ ነገር፣ ጠዋት ስትከፍቱት በአንድ ፍሬም ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ይችላል። ደርሶብኛል። የድምሩ መብራት ከማስተካከያው በፊት ደርሳ 7 ሲደመር 8 ስለው 12 አለኝ፤ አንዷን ይዟል፣ ሦስቱን ግን ሳይጨምር ጽፏል። አሁን ማንኛውንም ነገር «ሠራ» ከማለቴ በፊት አስቀምጬ፣ ዘግቼ፣ ከፍቼ ነው የምፈትነው። ይህንኑ ተራ አውቀው የሚጠቀሙበት ባለሙያዎች አሉ። በአንድ ፍሬም ውስጥ ብዙ እርምጃ ይከምራሉ። ሰብፍሬም ይሉታል፤ በዚህ መንገድ ሙሉ ኮምፒውተር የሠሩ አሉ። እኔ ገና ዳር ዳሩን ነው የነካሁት። የ21 ፍሬሟ ካልኩሌተሬ በእነሱ ዓይን ዘገምተኛ ናት። ለእኔ ግን እያንዳንዷን ፍሬም በስሟ የማውቃት ናት።

ስለ መልስ ማሳያው ብዙ አልልም። ሰባት ክፍል ያለው የተለመደው አኃዝ ነው፤ ከሊኩዊድ ክሪስታል ይሠራል። ፒ ያበራዋል፣ ኤን ያጠፋዋል። ደስ የሚል ብርሃን አለው። ቀስ ብሎ ነው የሚበራውና የሚጠፋው፤ ስለዚህ 21 ፍሬሙን ስቆጥር እሱን አልጨመርኩም። ለዓይን ግን ያ ዝግታው ያምራል።

የጎደለውን ደግሞ ልንገራችሁ። የዕቃዎቹ ስሞች አብዛኞቹ ባለ አራት ፊደል አሕጽሮት ናቸው፤ እስኪለመዱ ድረስ ከባድ ነው። የፊልተሩን ጠባይ ለመቀየር የንብረት መሣሪያውን ከፍታችሁ ቁጥር ትጽፋላችሁ። የትኛው ቁጥር ምን እንደሆነ ግን አጠገቡ አልተጻፈም፤ እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ ስክሪኔ ጎን ለጥፌዋለሁ። ሥራ ሲበዛ የትኛው ክፍል የትኛው እንደሆነ ይጠፋል። ትናንሽ የጽሑፍ ምልክት ማስቀመጥ ይቻላል፤ አስቀምጡ፣ አትስነፉ። ሜዳው አይሰፋም። በሽቦ በነበርኩበት ጊዜ ከስምንት አኃዝ በላይ አልገባልኝም። የጨረሩ ዱካ ደግሞ ከተተኮሰ በኋላ 30 ፍሬም ያህል፣ ግማሽ ሰከንድ ማለት ነው፣ ሜዳው ላይ ይቆያል። በዚያው መንገድ ቶሎ ቶሎ ልትተኩሱ ካሰባችሁ ማጽጃውን አብራችሁ አቅዱ። በስልክ ልሥራ ለሚል ሰው ደግሞ፣ ማየትና መሞከር ይቻላል። ፒክስል በፒክስል መሳል ግን መዳፊት ይፈልጋል።

ማይንክራፍትስ የምትሉ ትኖራላችሁ። ጥሩ ነው። እዚያ እንደ ሽቦ የሚያገለግለው ሬድስቶን ከ0 እስከ 15 የሚለያይ ጥንካሬ ስላለው አንድ አኃዝ በአንድ መስመር መላክ ይቻላል፤ ያ ለአሥር ቤት ሥራ የሚገርም ስጦታ ነው። በማሽናችሁ ውስጥ በእግር መሄድም ትችላላችሁ። ግን ምልክቱ ከ15 ብሎክ በኋላ ይሞታል፣ የማደሻዋ ትንሿ መዘግየትም 0.1 ሰከንድ ናት። እዚያ አንድ ማደሻ በሚፈጀው ጊዜ እዚህ ስድስት ፍሬም ይሄዳል። ፍጥነት ለሚፈልግ ሰው ምርጫው ግልጽ ነው።

ለማን ይሆናል? ትዕግሥት ላለው ሰው። ቁጥር ለሚወድ ልጅም በጣም ይሆናል፤ አጠገቡ የሚቀመጥ ትልቅ ሰው ካለ። ኮምፒውተሩ አዲስ መሆን የለበትም። የእኔ ላፕቶፕ ያረጀ ነው፣ ይህን ሁሉ ሲሠራ 60ዋን ፍሬም አልጣላትም።

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ መጣ። ምንም ሳልነግረው ስምንቱን ዘጠኝ ጻፈ፣ አንድ ደመረ፣ እኩል ይሆናልን ተጫነ። ስምንት ዜሮ ወጣ፣ በግራ በኩል ለዘጠነኛው ቤት ያስቀመጥኳት አንዷ መብራት በራች። «እንዴ! አሁኑኑ?» አለ። አምስት ጊዜ ደጋገመው። ከዚያ ዞር ብሎ «አክስቴ፣ ማባዛትስ?» አለኝ።

ጀምሬዋለሁ። ደጋግሞ በመደመር ብቻ ከሄድኩ፣ ስምንት ዘጠኝ ባለው ቁጥር ለማባዛት 72 ጊዜ መደመር ነው፤ በ21 ፍሬም 1512 ፍሬም ይሆናል፣ 25 ሰከንድ። አይሆንም። ስለዚህ የቁጥሩን እጥፍ፣ አራት እጥፍና ስምንት እጥፍ ቀድሜ አዘጋጅቼ ላስቀምጥ ነው። ያኔ ለአንድ አኃዝ ቢበዛ ሦስት ጊዜ መደመር ይበቃል፤ 7 ማለት 4 እና 2 እና 1 ነውና። 72ቱ ወደ 24 ወረደ።

ደብተሬ ላይ እጥፉን ስሠራ አንድ ነገር አየሁ። ቁጥርን በሁለት ስታባዙ የምትያዘው አንድ ከአንድ ቤት በላይ አትጓዝም። 5ና ከዚያ በላይ የሆነ አኃዝ ሁልጊዜ አንድ ይሰጣል። 4ና ከዚያ በታች የሆነው ቢበዛ 8 ነው የሚሆነው፤ ከኋላው አንድ ቢመጣለት 9፤ አሥር አይሞላም። አሳላፊ የሚባል ቤት የለም ማለት ነው። ሦስቱ ዙር አያስፈልግም፤ ጎረቤትን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። ዛሬ ማታ ከሜዳው ግራ ጥግ ላይ፣ ከመቀነሻው በተረፈው ቦታ፣ እሱን እስላለሁ።